ያ ጥላ የእናንተ ቤት ነው

ጅማ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? ድሬዳዋ ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችን መስመር ጽፌ ብዙ ቆየሁ። ስምንት ዓመት ዝም ብሎ የከረመ ሰው ከየት እንደሚጀምር ጨነቀኝ። ትናንት ከዋልኩበት ልጀምር።

ትናንት እናንተ ቤት ነበርኩ። እማማ ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ቡናውን ራሳቸው ነው ያፈሉት። አቮካዶው እንዳለ ነው። በአጥሩ በኩል የነበረው ቡና እንደሌለ ታውቃለህ። በረካውን ሲቀዱልኝ ቀና ብለው አዩኝና "ምነው ልጄ፣ ጠፋህ?" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ማታ ቤቴ ስገባ ወረቀት አወጣሁ።

ያኔ በስልክ ያልከኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "ከላይ ሆነህ ያየኸን አንተ ነህ?" ነበር ያልከው። አዎ፣ እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ግን አዎ አላልኩህም። ስለ ሳተላይት አስተማርኩህ። "ካርታው የሚያሳየው መሬት ላይ ያለውን ነው" ብዬ ድርቅ አልኩ። ዘጋኸው። መጀመሪያ ያልደወልኩት በኩራት ነው። በኋላ ኩራቱ ሀፍረት ሆነ፣ ሀፍረቱም ዓመታት ፈጀ።

ዛሬ ሙሉውን መልስ ልስጥህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

ጅሬን ትዝ ይልሃል? ቅዳሜ በእግራችን ወጥተን ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ እንቀመጥ ነበር። ጅማ ከታች ተዘርግታ ትታያለች። አንተ ቆርቆሮ ትቆጥራለህ። አዲስ ቆርቆሮ ብልጭ ሲል "ማን ደግሞ ቤት ሠራ?" ትላለህ። እኔ በፈረንጅ አራዳ በኩል ያለውን፣ በጣሊያን ጊዜ የተቀየሰውን ቀጥ ያለ መንገድ ከሂርማታ ጠመዝማዛ ጋር አወዳድር ነበር። ይኸው ሥራዬ ሆኖ ቀረ። ከፍታው ነው የጨመረው። ላንድሳት የሚባለው የአሜሪካኖቹ ሳተላይት በ705 ኪሎ ሜትር ከፍታ ነው የሚሄደው። በየ16 ቀኑ ረፋድ ላይ ጅማን አይቶ ያልፋል። የመጀመሪያው ላንድሳት የመጠቀው በፈረንጆቹ 1972 ስለሆነ ከተማችን ከእኔና ካንተ ዕድሜ የሚበልጥ የፎቶ አልበም አላት።

አልበሙ እጄ እስኪገባ ግን ብዙ ደክሜአለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ የላንድሳት 7 አንድ ምስል 600 ዶላር ነበር። በጊዜው ምንዛሪ ከ5 ሺህ ብር በላይ ነው። ከየት ይመጣል? አንድ መምህሬ በሲዲ የያዙትን አዋሱኝና ያንኑ ስፈትል ከረምኩ። በዚያ ላይ የላንድሳት 7 አንድ መሣሪያ በፈረንጆቹ 2003 ተበላሽቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ምስሎች ጥቁር ሰንበር አለባቸው። ከእያንዳንዱ ምስል 22 በመቶው የለም። ሰንበሩ የጅማን መርካቶ አቋርጦ ሲያልፍ እንዴት እንደምናደድ።

በ2008፣ አሁንም በፈረንጆቹ ነው የማወራህ፣ አሜሪካኖቹ የላንድሳትን ክምችት በሙሉ በነፃ ለቀቁት። እውነት እልሃለሁ፣ በሙያዬ ከዚያ የበለጠ ደስታ አላየሁም። አንድ ምስል ለማውረድ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ቢሮ አድራለሁ። ሌሊት ኔትወርኩ ይሻላል። መብራት ከጠፋ እንደገና ከዜሮ። ያኔ አንተ በቴርሞስ ሻይ ይዘህልኝ ትመጣ ነበር። ዘበኛው ሳይቀር ስምህን ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ካርታው ልምጣ።

ጅማ ላይ ከመጋቢት እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት፣ ሰማዩ ደመና ነው። ሳተላይቱ ያልፋል፣ የሚያነሳው ግን ነጭ ጥጥ ነው። የሚሆነን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ደግሞ ሳሩ ይደርቃል፣ ማሳው ባዶ ይሆናል። የዛገ ቆርቆሮና የታረሰ ቀይ አፈር ከላይ ሲታዩ መንታ ናቸው። ሳር ክዳንና የደረቀ ሳርም እንደዚያው። ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የላንድሳት አንድ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባት ትንሿ ካሬ፣ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው። የእናንተ ግቢ ከሞላ ጎደል እዚያች ውስጥ ይገባል። ቤቱ፣ አቮካዶው፣ ቡናው፣ እንሰቱ፣ ጎተራው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተፈጭቶ አንድ ቀለም ሆኖ ነው የሚወጣው። ሽሮ ከተፈጨ በኋላ ባቄላውን ከሽምብራው ለይ ብትባል ትለያለህ? አረንጓዴ ቅጠል ደግሞ ዓይናችን በማያየው በኢንፍራሬድ ብርሃን አጥብቆ ያንጸባርቃል። ስለዚህ ዛፍ የበዛበት ግቢ ውስጥ አሸናፊው ዛፉ ነው።

እንግዲህ የእናንተን ቤት አስበው። በፈረንጆቹ 1986 ምስል ላይ ቤታችሁ ገና ሳር ክዳን ነበር። ኮምፒውተሬ "ዕፅዋት" አለው። በፈረንጆቹ 2000 ምስል ላይ አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ቆርቆሮ አልብሰውታል፣ ግን አቮካዶው ጣሪያውን ሸፍኖታል። አሁንም "ዕፅዋት"። በ2007 ዓ.ም. ያ ትልቁ ቅርንጫፍ ተቆረጠ፣ ቆርቆሮውም ታደሰ። በዓመቱ ባነሳሁት ምስል ላይ ግቢው እንደ መስታወት አበራ። በዚህም እኔ በሠራሁት ካርታ ላይ የእናንተ ቤት በፈረንጆቹ "ከ2000 እስከ 2016 ባለው ጊዜ የተሠራ" ሆነ። እኔና አንተ እንጀራ ፍርፍር የበላንበት ቤት።

በሙያችን አንድ መስፈርት አለ። አንደርሰን የሚባል ጂኦግራፈርና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 1976 ያወጡት ነው። ካርታው 85 በመቶ ትክክል ከሆነ ጥሩ ነው ይባላል። የእኔ ያን አልፎ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። ትክክል ባልሆነው ውስጥ እነማን እንደሚኖሩ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። እማማ እዚያ ውስጥ ነበሩ።

ይህን ደግሞ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ካርታው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ጂፒኤስ ይዞ መዞር ግዴታ ነው። ግራውንድ ትሩዝ እንለዋለን። እኔም ዞሬአለሁ። ግን ነጥቦቼን የመረጥኩት ከመንገድ ዳር ነው። ወደ ቦዬ ረግረግ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነበር። መኪናው አይገባም አሉኝ፣ እሺ አልኩ። በእግሬ ብሄድ ኖሮ ሃያ ደቂቃ ነው። እናንተ ግቢ ደርሼ፣ ቡና ጠጥቼ፣ ስህተቴን በዓይኔ አይቼ እመለስ ነበር። አልሄድኩም።

ካርታውን ለጠየቀኝ መሥሪያ ቤት አስረከብኩ። ረግረጉን ከወረራ ለመጠበቅ ነው ተባልኩ፣ አመንኩ። አሁንም ረግረጉ መጠበቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ግን እኛ ሀገር "ካርታ" የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው። ለእኔ የመሬቱ ሥዕል ነው። ለእማማ የይዞታ ማረጋገጫ ነው፣ "ካርታ አለዎት?" ተብለው የሚጠየቁት። እኔ የመጀመሪያውን ሰጠሁ፣ ሰዎቹ እንደ ሁለተኛው ያዙት። ከሥሩ "ለጥናት ብቻ" የሚል አንድ መስመር ቢኖርበት ምን ነበረበት? አልጻፍኩም። እማማ የግብር ደረሰኝ ይዘው ስድስት ወር ሲመላለሱ፣ አጥሩ ሲፈርስ፣ ቡናው ሲነቀል፣ ሰዎቹ የሚያዩት የእኔን ቀለም ነበር። ሰዎቹም ወጥተው ማየት ነበረባቸው። ጥፋቱ ግን ከእኔ ጠረጴዛ ነው የተነሳው።

ሰዉ ለምን በሳተላይት ላይ እንደሚደገፍ ይገባኛል። ጅማ በ1987ቱ ቆጠራ 88,867 ሰው ነበራት። በ1999ኙ 120,960። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የለም። ከተማው ግን በየአቅጣጫው ሄዷል፣ መጥተህ ብታየው ሰፈሩን ታጣዋለህ። ውሃ ለማን፣ ትምህርት ቤት የት የሚለው ሁሉ በግምት ነው የሚሠራው። ግምቱ ደግሞ የሚወጣው ከጣሪያ ነው። ጣሪያው ሥር ግን አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኑሩ ወይ አሥር ተከራይ፣ ከ705 ኪሎ ሜትር አይታይም።

ካንተ ጋር ከተለያየን በኋላ ሥራዬን ልተወው ነበር። አልተውኩትም። አሠራሬን ግን ቀየርኩ። አሁን የአውሮፓዎቹን ሴንቲነል 2 እጠቀማለሁ፣ ፒክስሉ 10 ሜትር ነው፣ በየአምስት ቀኑ ይመጣል። ሴንቲነል 1 ደግሞ ራዳር ስለሆነ በክረምትም ደመናውን አልፎ ያያል። ከዚህ ሁሉ የበለጠ የረዳኝ ግን እግሬ ነው። የመፈተሻ ነጥቦቹን ኮምፒውተሩ በዕጣ ያወጣቸዋል፣ ጭቃም ይሁን ገደል እንሄዳለን። ለተማሪዎቼ የማዘው አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሲደርሱ የሰፈሩን አዛውንት "ይህ ቤት ከመቼ ጀምሮ አለ?" ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ከምስሉ ጎን ይጽፋሉ። መልሱና ምስሉ ካልተስማሙ ተመልሰን እንሄዳለን። አንዳንዶቹ ይሄ ሪሞት ሴንሲንግ፣ መሬትን ከሩቅ ሆኖ ማጥናት፣ አይደለም ይሉኛል። የሚሉት ይገባኛል፣ እኔም በእነሱ ዕድሜ እንደዚያ ነበርኩ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሀገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ሲመጥቅ ቢሮ ሆነን በስልክ አየን። 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነገር ነው፣ አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔ ስልክህን ፈልጌ አወጣሁ። ቁጥሩን አየሁት፣ መልሼ ዘጋሁት። በየበዓሉም እንደዚሁ ነበር። በመደወል ፈንታ የድሬን ምስል እከፍታለሁ። ድሬ ሰማይዋ ጥርት ያለ ነው፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ከላይ እንደ ነጭ ነጠላ ጥለት ይታያል። በየትኛው ሰፈር እንደምትኖር አላውቅም። ዝም ብዬ አያለሁ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰው ያለፈው ጥቅምት ያገኘሁት ነገር ነው። ለቦዬ ጥናት የድሮ የአየር ፎቶ እፈልግ ነበር። በደርግ ጊዜ ከአውሮፕላን የተነሳ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከመሳቢያ ሥር አቧራ ለብሶ ተገኘ። ተከታታይ የሆኑ ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን አድርገህ በስቴሬዮስኮፕ፣ ባለ ሁለት ሌንስ መመልከቻ፣ ስታያቸው ዛፉም ቤቱም ከወረቀቱ ላይ ብድግ ይላል። ዓይኔን አስጠግቼ ወንዙን ተከትዬ ወረድኩ። ከዚያ ቆምኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ።

በማግስቱ ያንን ካርታ የሚያርም ደብዳቤ ጻፍኩ። ስህተቱ የእኔ መሆኑን፣ በምን ምክንያት እንደተፈጠረ፣ ቤቱ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ዘርዝሬ ከፎቶው ጋር አስገባሁ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ማኅተም ተደርጎበት ከእማማ ፋይል ጋር ተያይዟል፣ ግልባጩ እሳቸው ጋ አለ። ትናንት የሄድኩት እሱን ለመስጠት ነው። አንብቤላቸው ስጨርስ አጣጥፈው ከደረሰኞቹ ጋር አስቀመጡት። የተነቀለው ቡና አልተመለሰም። ክረምት ሲገባ ችግኝ ይዤ እሄዳለሁ፣ ቦታውን እሳቸው ያሳዩኛል።

ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ። ስለ ካርታውም፣ ስለ ዝምታውም።

የፎቶው ቅጂ ከደብዳቤው ጋር አለ። ሳታጥፈው ወደ ብርሃን አስጠጋው። ጠቆር ያለው ጠመዝማዛ መስመር ወንዙ ነው። ከመታጠፊያው ላይ ጣትህን ወደ ግራ ውሰድ። ሦስት ዛፎች ታገኛለህ። ከሁለተኛው አጠገብ ጫፉ ሾል ያለ ጥላ አለ። ያ ጥላ የእናንተ ቤት ነው። ከጎኑ ያለችው ነጥብ ጎተራው ናት።

ወንድምህ