«ትንሽ ናት፣ ልጄ፣ አስተካክልልኝ»

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በባሕር ዳር ከተማ በግሌ የግራፊክ ዲዛይን ሥራ እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። እኔን መሰል ሙያተኞች በተገናኘን ቁጥር የምናነሣው ወሬ የደንበኛ አስቸጋሪነት ነው። እኔም ለዓመታት አብሬ ሳማርር ከቆየሁ በኋላ ሐሳቤን የቀየርኩበትን ምክንያት ለአንባቢዎቻችሁ ለማካፈል ይህን ጽፌአለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጣና ዳር ምግብ ቤት ሊከፍቱ የተነሡ አንድ አባት ሎጎ፣ ሜኑና የበር ባነር እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ዋጋውን በቃል ተነጋገርን፤ «ጋሼ፣ ቀብድ ይስጡኝና ልጀምር» ማለት ግን ከበደኝ፤ በአባቴ ዕድሜ ያሉ፣ ያውም የጎረቤታችን ዘመድ ነበሩ። መጀመሪያ የፈለጉት የደንገል ታንኳ ነበር፤ ሠርቼ ባሳያቸው ወደዱት። በማግሥቱ አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ሥዕሉን በቴሌግራም አይቶ «ታንኳ ድሮ ቀረ፣ ሞተር ጀልባ ይሁን» አለ። ጀልባው ካለቀ በኋላ ደግሞ ዓሣ ይሻላል ተባለ፤ ቀረሶ ብሥል፣ ወጥ ቤቱን የሚመሩት እናት «ይህማ አምባዛ ነው» አሉ (ጢም የሌለው አምባዛ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ቢሆንም አስተካከልኩት)። «ትንሽ ናት፣ ልጄ፣ አስተካክልልኝ» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ የተመረጠው ያው የመጀመሪያው ታንኳ ሆነ። የተከፈለኝም መጀመሪያ የተነጋገርነው ዋጋ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ምግብ ቤቱ ሥራ ከጀመረ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ያን ጊዜ በሰውየው አዝኜ ነበር፤ ዛሬ ግን ጥፋቱ ይበልጡን የእኔ እንደነበር አምናለሁ። እኒሁ አባት አናጺ ዘንድ አልጋ ቢያሠሩ ቀብድ ሳይከፍሉ አይወጡም፣ አልጋው ካለቀ በኋላም በዚያው ዋጋ ቁም ሣጥን አድርግልኝ አይሉም። በእኛ ሥራ እንጨቱም ምስማሩም አይታይም፤ እኛም ይሉኝታ ይዞን አንዷ «ትንሽ» ስንት ሰዓት እንደምትፈጅ አንነግራቸውም።

ሕጉም ቢሆን ዝም ላለ ሰው ብዙም አይደርስለትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው አይሸፍንም፤ ስለዚህ የሚዳኘን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና የገባነው ውል ነው። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለውም ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ሁለተኛው ክፍል እኛንም የሚነካ መሆኑን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን፤ የተሻለ ሥራ ሲመጣ የጀመርነውን ጥለን ስልክ የምናጠፋ አለንና። ወረቀቱ ላይም «ቀብድ» ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ «ቅድሚያ ክፍያ» ማለት ለክርክር በር ይከፍታል።

አሁን ሥራ ከመጀመሬ በፊት በግማሽ ገጽ ላይ ምን እንደምሠራ፣ መቼ እንደማስረክብ፣ ሁለት ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ እንዳለና ከዚያ በላይ ያለው ምን ያህል እንደሚያስከፍል እጽፋለሁ። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን «የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማን ነው?» ብዬ አንድ ስም ማስጻፌ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የልጅ፣ የአማችና የወጥ ቤት አስተያየት በእኚያ ሰው በኩል ተጣርቶ ይደርሰኛል። «አታምነኝም እንዴ?» ብለው ተቀይመው የሄዱ አሉ፤ አልዋሽም፣ በተለይ በጥር፣ የሠርግ ካርድ በሚጣደፍበት ወር፣ ሲሄዱ ያሳዝናል። የቀሩት ግን ያለ ጭቅጭቅ ከፍለውኛል። በአንጻሩ አንዳንድ ባልደረቦቼ ከደንበኛ ጋር የተጻጻፉትን በቴሌግራም ቻናል ለጥፈው ማሳቃቸው ለሙያውም ለሰውየውም ነውር ነው እላለሁ።

የዝግጅት ክፍላችሁን የምጠይቀው፣ የሕግ ባለሙያ ጋብዛችሁ በቀላል አማርኛ የተዘጋጀ አንድ ገጽ የናሙና ውል በጋዜጣው ላይ እንድታወጡልን ነው። ቆርጠን ቦርሳችን ውስጥ እንይዘዋለን።

ከአክብሮት ጋር
በግሉ የሚሠራ ግራፊክ ዲዛይነር
ከባሕር ዳር