ያልተሟላው የሳሎን መጋረጃ፦ የቅሬታ ደብዳቤ

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለመጋረጃ መሸጫና ስፌት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በውላችን መሠረት ያልተሠራ የሳሎን መጋረጃ እንዲስተካከል ወይም ገንዘቤ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 30 ቀን ከሱቃችሁ ለሳሎኔ ሁለት መስኮቶች ጥቁር ግራጫ መጋረጃ፣ ከውስጥ ክሬም ቀለም ያለው ስስ መጋረጃ ጋር አዝዤ ሙሉ ክፍያውን በቴሌብር ፈጽሜአለሁ። ኅዳር 5 ቀን ማታ ሠራተኞቻችሁ መጥተው ሰቀሉት። በማግሥቱ በቀን ብርሃን ሳየው የተሰቀለው ነገር ከተዋዋልነው ጋር እንደማይገጥም አየሁና ደወልኩ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያስቆረጠኝ የሽያጭ ሠራተኛችሁ የሰጠኝ መልስ ነው፦ «እህቴ፣ ችግሩ የመረጥሽው ቀለም ነው። ጥቁር ነገር ለሳሎን አይሆንም፣ ቤት ያጨልማል።»

ቀለሙን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ሳሎኔ ወደ ምዕራብ የዞረ ስለሆነ፣ በተለይ በዚህ በበጋው ወቅት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ በትልቁ መስኮት ገብታ ቴሌቪዥኑ ላይ ታርፋለች። ግድግዳው ክሬም፣ ወለሉ ፈዘዝ ያለ ሴራሚክ፣ ሶፋው ቡኒ ነው። በዚህ መሐል ጥቁር ግራጫ ሲገባ ሌላው ሁሉ ረጋ ብሎ ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይዋን ይመልሳል። ሱቃችሁ ውስጥ ወርቃማ አበባ የተጠለፈበትንና ከላይ ክንፍ የሚደረብለትን መጋረጃ ደጋግማችሁ አሳይታችሁኛል። የሚወደው ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለሠርግ አዳራሽም ያምር ይሆናል፤ የእኔ ሳሎን ግን አራት በአምስት ሜትር ነው።

ጥቁር መጋረጃ ቤት የሚያጨልመው ቀን ላይ መስታወቱን ሸፍኖ ሲውል ነው። ይህ እንዳይሆን መስቀያው ብረት ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ግድግዳው እንዲያልፍ ተስማምተን ነበር። እንዲህ ከሆነ ጠዋት መጋረጃው ሲከፈት ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይሰበሰባል፣ መስታወቱ ላይ የሚቀረው ስሱ ክሬም ብቻ ይሆናል። ይህንን የነገረኝ ልኬት ሊወስድ የመጣው የራሳችሁ ባለሙያ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደሆነ ያስታውቅ ነበር። የትልቁ መስኮት ወርድ 2.80 ሜትር ስለሆነ ብረቱ 3.20፣ የትንሹ 1.40 ስለሆነ ብረቱ 1.80 እንዲሆን በእጁ ጽፎ ፈርሞበታል።

የተሰቀሉት ብረቶች 2.80 እና 1.40 ናቸው፤ ልክ በመስኮቶቹ ወርድ። ትልቁን መጋረጃ እስከ መጨረሻው ስከፍተው ጨርቁ ከግራም ከቀኝም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መስታወት ይዞ ይቀራል። በድምሩ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከመስኮቴ ከአምስት እጅ አንዱን የሚበልጥ ብርሃን ቀኑን ሙሉ ታግቶ ይውላል። ነጭ ብሰቅልም በዚህ ብረት ላይ ቤቱ ይጨልም ነበር።

ወደ ጨርቁ ልምጣ። ያስከፈላችሁኝ የ10 ሜትር ዋጋ ነው፣ አንዱን ሜትር በ900 ብር፣ ለጥቁር ግራጫው ብቻ። ስሌቱ ግልጽ ነበር፤ መጋረጃ ተዘግቶም ሽንሽኑ እንዲታይ ጨርቁ ቢያንስ የብረቱን እጥፍ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ለትልቁ 6.40፣ ለትንሹ 3.60። ያደረሳችሁኝን ጨርቅ አውርጄ ወለል ላይ ዘርግቼ ስለካው የትልቁ የግራና የቀኝ ክንፎች አንድ ላይ 4.30፣ የትንሹ 2.50 ሆኑ። ድምሩ 6.80 ነው። አራት ክንፍ ስምንት ጠርዝ አለው፤ ለእያንዳንዱ ጠርዝ ቅንብብ 5 ሴንቲ ሜትር ብተውላችሁ እንኳ የሚሸፈነው 40 ሴንቲ ሜትር ነው። የቀረው 2.80 ሜትር፣ በገንዘብ 2,520 ብር፣ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ለዚህ ነው መጋረጃው ሲዘጋ ሽንሽኑ ጠፍቶ እንደ አንሶላ ተወጥሮ የሚቆመው። ጥቁር ቀለም ደግሞ ይህን ጉድለት ያጎላዋል፤ የእጥፋቱ ጥላና ብርሃን ከሌለ ጥቁር ጨርቅ ግድግዳ ላይ ያለ ቀዳዳ ይመስላል። «ጥቁር ስለሆነ ነው ያላማረሽ» የተባልኩት እንግዲህ ጨርቁ ስለጎደለ የተፈጠረውን ነገር ነው።

የቀለሙ ነገርም አለ። የናሙናው ቁራጭ ከደረሰኜ ጋር ተያይዞ እጄ ላይ ነው። የትንሹ መስኮት መጋረጃ ከናሙናው ጋር አንድ ነው፣ የጠለቀ አመድማ። የትልቁ ግን በቀን ብርሃን ወደ ወይን ጠጅ ይወስደዋል። ሁለቱ ከአንድ ጣቃ እንዳልተቆረጡ ሥራችሁ ስለሆነ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ዓይነት የተባለ ግራጫ እንኳ በተለያየ ጊዜ ከተነከረ እንደሚለያይ የጨርቅ ነጋዴ ሁሉ የሚናገረው ነው። ማታ በቢጫ አምፖል ሥር ልዩነቱ አይለይም። ርክክቡ የተፈረመው ማታ ስለሆነ «አይተሽ ፈርመሻል» የሚለውን መልስ አልቀበልም።

ገበሩ ደግሞ ጨርሶ የለም። ደረሰኙ ላይ ለብቻው ተጽፎ ተከፍሎበታል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ ፀሐይዋ ጨርቅ ላይ እንደምትበረታ ማንም የአዲስ አበባ ልብስ አስጪ ያውቃል፤ ጥቁር ቀለም ደግሞ ሙቀቱን ይይዛል፣ ሲነጣም ቶሎ ያስታውቃል። ወደ መስታወቱ የዞረ ክሬም ገበር ያስፈለገው ፀሐይዋን እሱ እንዲቀበላት ነው። ያለ ገበር ይህ መጋረጃ ዓመት ሳይሞላው በሽንሽኑ መስመር መንጣቱ አይቀርም።

ስሱን የውስጥ መጋረጃ በተመለከተ ቅሬታ የለኝም፤ ቀለሙም ስፌቱም እንደተባለው ነው። እንዲያውም ከዚያው ሱቅ፣ ምናልባትም ከዚያው የስፌት መኪና፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ መውጣቱ ሌላው ሥራ ሳይቻላችሁ ቀርቶ እንዳልተበላሸ ያሳየኛል።

ሠራተኛችሁ በስልክ ሁለት ነገር አቅርቦልኛል። ብረቱን «ተጨማሪ ተከፍሎ» ማስረዘም፣ አለዚያም ወደፊት ሌላ መጋረጃ ሳዝ ቅናሽ ማድረግ። ሁለቱንም አልተቀበልኩም። ለብረቱ ሙሉ ርዝመት አስቀድሜ ከፍያለሁ፤ ሌላ መጋረጃ የማዘዝ ሐሳብም የለኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የትልቁ መስኮት ጥቁር ግራጫ ጨርቅ ትንሹ ከተቆረጠበት ጣቃ፣ ያ ካለቀ ደግሞ የሁለቱም መስኮቶች ከአንድ አዲስ ጣቃ፣ በ6.40 እና በ3.60 ሜትር እንደገና ተቆርጦ ከክሬም ገበር ጋር ይሰፋልኝ። ብረቶቹ በ3.20 እና በ1.80 ይለወጡ፣ የአሁኑ ቀዳዳም በስቱኮ ተደፍኖ የግድግዳዬ ቀለም ይቀባ። ርክክቡ በቀን ይሁን። ይህን መሥራት የማትችሉ ከሆነ ከስሱ መጋረጃ በቀር የከፈልኩትን ሁሉ መልሳችሁ ዕቃችሁን ውሰዱ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከግዢው ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በዚያ ጊዜ ውስጥ መሆኑን ከደረሰኙ ቀን ማየት ትችላላችሁ። ጨርቁን ታጥቦም ተቆርጦም ሳይነካ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ፤ መጥታችሁ ራሳችሁ ልትለኩት ትችላላችሁ፣ ሜትሩን ግን እኔም እይዛለሁ።

የደረሰኙን፣ የተፈረመበትን የልኬት ወረቀትና በቀን ብርሃን የተነሡትን ፎቶዎች ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የናሙናውን ቁራጭ አልላክሁም፣ እኔ ዘንድ ይቆያል። መልሳችሁን እስከ ኅዳር 20 ቀን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በስልክ የሚሰጥ መልስ እንደ መልስ አልቆጥረውም።

ከሰላምታ ጋር
የደረሰኙ ባለቤት ደንበኛችሁ

ግልባጭ፦
ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት