ፍሬውን ስትቆርጡ ስሙን አትቁረጡብን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር የ47 ዓመት ሴት ነኝ። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። ያጻፈኝ ባለፈው ቅዳሜ እጄ የገባ፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማይበልጥ የመድኃኒት ቁራጭ ነው።

ለጥምቀት የታዘዘ ቀሚስ ላይ አቀርቅሬ ግራ ቅንድቤ ላይ ጀመረኝ። ማይግሬን ያለበት ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ቆይቶ ግማሽ ራስን ይይዝና ይወቅጣል። ብርሃን ያስጠላል፣ ሽታ ያስጠላል፣ ሆድ ይገለብጣል። የስፌት መኪናው ድምፅ ራሴ ውስጥ ገብቶ የሚሰፋ ይመስለኛል። ቦርሳዬን ብፈትሽ መድኃኒቴ አልቋል። አብራኝ የምትሠራውን ልጅ "እባክሽ እናቴ፣ ሮጥ በይና ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ ግዢልኝ" ብዬ ላክኋት።

ብጣሽ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ወረቀቱ ውስጥ ሁለት ፍሬ። ፓራሲታሞል ስላልነበረ "ይሄ ይሻላታል፣ ጠንከር ይላል" ብለው ሌላ ሰጥተዋታል። ልውጠው ስል ፍሬዎቹ የታሸጉበትን ብልጭልጭ ገለበጥኩት። ስሙ በመቀስ ተቆርጦ ሌላው ቁራጭ ላይ ቀርቷል። የተረፈችው "ፌን" የምትል ጭራ ብቻ ናት፣ በፈረንጅ ፊደል።

ያቺን ጭራ አውቃታለሁ። በ2012 ዓ.ም. ድንገተኛ ክፍል ያስተኛችኝ እሷ ናት።

ከሥሩ ልጀምር። ራስ ምታቱ ከልጅነቴ ጀምሮ አለ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ ታጠጣኝ ነበር። የቀረውን ግንባሬን ትቀባኛለች። ሻሽ ጠበቅ አድርጋ ታስርልኛለች። ሻሹን ዛሬም አልተውኩትም፣ ደስ ይላል። ዋገምት ሞክሬያለሁ። ፀበል ተጠምቄያለሁ፣ አሁንም እጠመቃለሁ። መድኃኒት መዋጥ የጀመርኩት ካገባሁ በኋላ ነው። ያኔ ያልዋጥኩት የለም። ጎረቤት የሰጠኝን ሁሉ እውጥ ነበር። በኛ ሰፈር ራሴን አመመኝ ካልክ ሦስት ሰው ቦርሳውን ይከፍትልሃል።

በ2009 ዓ.ም. አንድ ክሊኒክ ገብቼ ለራስ ምታቱ የዲክሎፌናክ መርፌ ወጉኝ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ መዳፌን አሳከከኝ። ቀጥሎ ገላዬ በሙሉ ሳማ የነካው መሰለ። ከንፈሬ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ፣ ዓይኔ ተከደነ። ሌላ መርፌ ወግተው አስታገሱልኝና "ዲክሎፌናክ አለርጂክ ነሽ፣ ሁለተኛ እንዳትወጊ" አሉኝ። እኔም ዲክሎፌናክ የሚባለውን ስም በቃሌ ይዤ ወጣሁ። ይዤ የወጣሁት ግን አንድ ስም ብቻ ነው። ጉዱ እሱ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ኢቡፕሮፌን ሰጡኝ። ዲክሎፌናክ አይደለም ብዬ በሙሉ ልብ ዋጥኩት። ያው እብጠት። በዚያ ላይ ጉሮሮዬ ጠበበኝ። ልጄ "እማዬ፣ ድምፅሽ ተለወጠ" ስትለኝ ትዝ ይለኛል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ትልቅ የራስ ምታት ብልቃጥ አመጣችልኝ። ብልቃጡ ላይ ፓራሲታሞል አለው ተባልኩ። አዎ፣ አለው። ግን አስፕሪንም አለው፣ ካፌይንም አለው፣ ሦስቱ ተቀላቅለው ነው የተሠሩት። ፊቴ ሲያብጥ የአጎቴ ልጅ ከኔ ብሳ አለቀሰች። ስለምትወደኝ ነው ያመጣችልኝ፣ ምን ታድርግ።

ነገሩ የገባኝ ከዚያ በኋላ ያየኝ ሐኪም ሲያስረዳኝ ነው። "እናቴ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ስማቸው ይለያይ እንጂ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው" አለኝ። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ ናፕሮክሲን፣ ኢንዶሜታሲን። ሁሉም ሰውነት ውስጥ የሚዘጉት አንድ ዓይነት ኢንዛይም ነው። ብዙ ሰው ላይ ችግር አያመጡም፤ እንደ እኔ ያለው ላይ ግን አንዱ ካሳበጠ ሌላውም ሊያሳብጥ ይችላል። ፓራሲታሞል የሌላ ቤት ልጅ ነው። እሱንም ቢሆን ዝም ብሎ አልሰጠኝም። እዚያው አስቀምጦ አንድ ባለ 500 ሚሊግራም አስዋጠኝና ከምሳ ሰዓት በኋላ ድረስ አስጠበቀኝ። ምንም አልሆንኩም። በአንድ ጊዜ ሁለት እንዳልውጥ ግን አስጠነቀቀኝ፤ መጠኑ ከፍ ሲል የሚያሳብጣቸው አሉ አለኝ። አስም አለብሽ ወይ፣ አፍንጫሽ ውስጥ ሥጋ በቅሎ ያውቃል ወይ ብሎም ጠየቀኝ። የአንዳንዱ ሰው አለርጂክ ከነዚያ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ያኔ ትንፋሽ ነው የሚያሳጥረው። እኔ የለብኝም፣ ተመስገን። ከዚያ ቢጫ ቅጽ አውጥቶ ሞላ። ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላክ ነው አለኝ። መድኃኒት ሰው ላይ ጉዳት ሲያደርስ የሚሞላ ቅጽ እንዳለ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አብጬ ቅጽ ያወጣ አላየሁም።

አሁን አንባቢ "እንግዲህ ፓራሲታሞሉን ይዘሽ መኖር ነው" ይል ይሆናል። እኔም ያልኩት እንደዚያ ነው። የተፈቀደልኝ እሱ ብቻ ስለሆነ እንደ ቆሎ በላሁት። በቀን ሦስት፣ አንዳንዴ አራት። ከጥቂት ወር በኋላ ራስ ምታቱ በየቀኑ ሆነ። ጠዋት አብሮኝ ይነሳል። ሐኪሙ ጋ ስመለስ አልተገረመም። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ወር አልፎ ወር ሲወሰድ፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል አለኝ። አቁሚ አለኝ። ያቆምኩባቸውን አሥር ቀናት ለጠላቴ አልመኝም። መጀመሪያ ብሶ ነው ቀስ በቀስ የሚለቀው።

ከዚያ ነው አሚትሪፕቲሊን የጀመርኩት። ሲያም የሚወሰድ አይደለም፣ እንዳያም በየማታው የሚዋጥ ነው። በ10 ሚሊግራም ጀምሮ ወደ 25 ከፍ አደረገልኝ። አፌ ይደርቃል፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ይጫጫነኝ ነበር። እህቴ ስሙን አይታ "ይሄ እኮ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው፣ ለሰው እንዳታሳዪ" አለችኝ። በትልቅ መጠን ለድብርት ይሰጣል፣ እውነት ነው። እኔ ግን ማታ ማታ ግልጥ አድርጌ ነው የምውጠው። ሌላም አማራጭ አለ፣ ፕሮፕራኖሎል የሚባል፤ አስም ላለበት ግን አይሰጥም።

ሐኪሙ ያዘዘኝ አንድ ሌላ ነገር ነጻ ነበር። የግድግዳ ካላንደር ላይ ራሴን ባመመኝ ቀን ቀይ ነጥብ እንዳደርግ። የመጀመሪያው ወር 22 ነጥብ ነበረው። ሦስት ወር ስደርስ ነጥቦቹ ራሳቸው ይናገሩ ጀመር። ረቡዕና ዓርብ ይበዛሉ። እሑድ ቀትር ላይ የማይቀር ነው። በዓል ሲደርስ ሳምንቱ በሙሉ ቀይ ነው። ለካ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዴ ባዶ ነው። ለካ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረካውን ጨርሼ እሑድ ከቅዳሴ እስክወጣ ቡና የሚባል አልቀመስኩም። ቡና ያስለመድነው ጭንቅላት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሲያጣው ይጮኻል። "ሱሴ ተነሳ" የምንለው ቀልድ አይደለም። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ካላንደሩንም ወስጄ አሳየኋቸው፣ ሳቁ። ከዚያ "ለታመመ ሰው ሰዓቱ ይቀነሳል፣ ልጄ" ብለው ፈቀዱልኝ። ቡናውንም አልተውኩም፤ ሽሮ ሜዳ እየሠሩ ቡና መተው አይታሰብም። አንድ አንድ ስኒ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ዕጣኑን ግን ደጅ አስወጥቻለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። አሁን "እሷ መጣች፣ አውጡት" ይላሉ።

ሲነሳብኝ ቶሎ አንድ ፓራሲታሞል፣ ትንሽ እህል ቀምሼ። ነጠላዬን በቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ ግንባሬ ላይ። ዝንጅብል ሻይ ለማቅለሽለሹ። መብራት ጠፍቶ ጋደም ማለት። እዚህ ላይ መብራት ኃይል አንዳንዴ ሳይጠየቅ ይተባበረኛል። አሁን በወር አምስት ስድስት ነጥብ ነው። አልዳንኩም። ግን እሠራለሁ።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ቁራጩን ይዤ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ራሴ ፋርማሲው ሄድኩ። "ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት ልጁን። "ኢቡፕሮፌን ነው እናት፣ ምነው?" አለኝ። ነገርኩት። ደነገጠ። ክፉ ልጅ አይደለም። ማንም ስላልነገረው ነው፣ የላክኋትም ልጅ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር የራሴም ጥፋት አለበት። ቦርሳዬ ውስጥ፣ መታወቂያዬ ጀርባ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት አለኝ። የአምስቱም መድኃኒት ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። እሱን ይዛ እንድትሄድ መስጠት ነበረብኝ። ግን ራሱን የሚወቅጠው ሰው ይህን ሁሉ አያስብም።

ስለዚህ ለመድኃኒት ቤቶች የምለው ይህ ነው። በፍሬ መሸጣችሁን አልቃወምም። ሙሉ ብልጭልጭ መግዛት የማይችል ብዙ ሰው አለ፣ እኔም ያልቻልኩበት ጊዜ አለ። እኔም ቀኑን ሙሉ በመቀስ ነው የምሠራው። ሸማ ስቆርጥ የማንን ልብስ እንደምቆርጥ ምልክት አደርግበታለሁ፤ ያለዚያ የአንዷ ጥለት ሌላዋ ቀሚስ ላይ ይገባል። እናንተም ስትቆርጡ ስሙ ያለበትን ጎን ለገዢው ስጡ። አይሆንም ካላችሁ ብጣሽ ወረቀቱ ላይ ስሙንና ሚሊግራሙን በእስክሪብቶ ጻፉ፣ በአማርኛ ፊደል። የተጠየቀው ከሌለ ደግሞ በሌላ ከመተካታችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ የማይስማማሽ መድኃኒት አለ ወይ? የተላከ ልጅ ከሆነ ይደውል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ለራስ ምታት ሁሉ ፍሬ ፍለጋ አይሮጥም። ሐኪሙ እንደነገረኝ ድንገት እንደ መብረቅ የመጣ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለው፣ እጅ እግር የሚያዝል፣ ንግግር የሚያኮላትፍ ከሆነ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ካበጡ ደግሞ፣ በተለይ ትንፋሽ ካጠረ፣ ጎረቤት ምን ይላል ተብሎ አይጠበቅም።

ልጁ ፓራሲታሞሉን ከሌላ ሱቅ አስመጥቶ ሰጠኝ። ገንዘብ አልቀበልም አለ። ብጣሽ ወረቀቱ ላይ በትልልቁ "ፓራሲታሞል 500" ብሎ ጽፏል። "ራ"ዋን ረስቶ ከላይ ነው የጨመራት። ካላንደሩ አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

አክባሪዎ
ልብስ ሰፊዋ፣ ከሽሮ ሜዳ