ለአማካሪዎች አሰልጣኝ አባላት፦ ስለ ክህሎት ምዘናው

ውድ አባላት፣

በቀጣዩ ዙር ሠልጣኞችን የምንመዝነው በጽሑፍ ፈተና ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባዘጋጁት «ኢኩዊፕ» (የሥነ ልቦና ድጋፍ ሰጪዎችን ብቃት ለማሠልጠንና ለመመዘን የሚያገለግል የመሣሪያዎች ስብስብ) ውስጥ ያለውን «ኢናክት» የተባለ የምክር ክህሎት መመዘኛ ቅጽ እንጠቀማለን። 15 ክህሎቶች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ይሰጠዋል። 1 ማለት ጎጂ ባህሪ ታይቷል፣ 2 መሠረታዊው አልተሟላም፣ 3 መሠረታዊው በሙሉ ተሟልቷል፣ 4 ደግሞ ከዚያ ያለፈ ነው።

ድምር አታውጡ። አንዲት «1» በብዙ «3» መሃል ትደበቃለች፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ እሷኑ ነው። ለይሉኝታ ተብሎ የሚሰጥ «3» ለሠልጣኙም ለተገልጋዩም አይጠቅምም።

ሚስጥር መጠበቅን ስትመዝኑ «የነገርሽኝን ለማንም አልናገርም» የሚለው ሙሉ ነጥብ አያስገኝም። በራስ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ካለ ሚስጥሩ ገደብ እንዳለው አስቀድሞ መነገር አለበት። ራስን ስለማጥፋት ሲጠየቅም «መቼም እንደዚያ አላሰብሽም፣ አይደል?» የሚለው አጠያየቅ መልሱን አስቀድሞ ይዘጋል፤ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። ቶሎ የሚመጣ «አይዞሽ፣ ያልፋል»ም ደግነት ቢመስልም ወሬውን ይቆርጣል።

ምዘናው በሚና ጨዋታ ስለሆነ፣ የተገልጋይ ሚና የሚጫወተው ሰው ለሁሉም ሠልጣኝ አንድ ታሪክ ይያዝ፤ ካልተጠየቀ ሁሉንም አይዘርግፍ። ሁለት መዛኞች ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው ከዚያ ያስተያዩ። «1» ያለበት ሠልጣኝ ያንኑ ክህሎት ተለማምዶ እስኪያሻሽል ተገልጋይ አይመደብለትም።