የኮምፒውተር ክበብ፦ የጥር ቅዳሜ እና ኢዲ

ክበባችን ዘንድሮም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነበር የሚሰበሰበው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጆቹ ግን ጋቢ ደርበውም ቢሆን ይመጡ ነበር። መስከረምና ጥቅምት ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ስንጠግን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ፍሪቢኤስዲ የተባለውን የዩኒክስ ዘር ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ፕሮግራም) ስንጭን አለፉ። እኔ ግን ስለ አንድ የጥር ቅዳሜ መጻፍ ነው የምፈልገው።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ኤፍኤስታብ የሚባለውን ፋይል ስታስተካክል አንድ ፊደል ሳተች። የትኛው የዲስክ ክፍል የት እንደሚገባ ለሲስተሙ የሚነግረው ይህ ፋይል ነው። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ መንገድ ላይ ቆመ፤ ሲንግል ዩዘር የሚባለው የጥገና ሁኔታ ውስጥ ገባ። "ቲቸር፣ አበላሸሁት" አለችኝ፤ እንባዋ መጣ።

የሚያስፈልገው አንድ ፊደል ማረም ብቻ ነበር። የለመድነውን ኤዲተር (የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም) ቪአይን ጠራን። የለም! ቪአይ ያለው ዩኤስአር ፎልደር ውስጥ ነው። ዩኤስአርን ደግሞ ለብቻው በተከፈለ ዲስክ ላይ አድርገነዋል። የተበላሸውም እሱን የሚያስገባው ፋይል ነው። መብራት ሲጠፋ ክብሪቱ የተቆለፈ ጓዳ ውስጥ እንደቀረ ማለት ነው።

ዋናው ዲስክ ላይ ባለው ቢን ፎልደር ውስጥ ግን ኢዲ የሚባል ሌላ ኤዲተር አለ። የመጀመሪያውን ኢዲ ኬን ቶምሰን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ የቢል ጆይ ቪአይ የመጣው በ1976 ነው። በኢዲ ዘመን የኮምፒውተሩ መልስ ወረቀት ላይ ይታተም ነበር። ስለዚህ ኢዲ ስክሪን አይፈልግም፤ በየመስመሩ ነው የሚሠራው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ እምቢ አለን። ዲስኩ ለንባብ ብቻ ነበር የተከፈተው፤ ኢዲ ደግሞ ጊዜያዊ ፋይል መጻፍ አለበት። በማውንት ትዕዛዝ ዲስኩን ለመጻፍ ከፈትነው። ያኔ ኢዲ አንድ ቁጥር ብቻ አሳየን፤ የፋይሉን መጠን በባይት። ስንሳሳት የሚመልሰው አንዲት የጥያቄ ምልክት ናት። ልጅቷ ራሷ መስመሩን ጠርታ ፊደሉን ቀየረች፣ በደብሊው አስቀመጠች፣ በኪው ወጣች። ሲስተሙ ተነሳ። ጭብጨባው እስከ ግቢው በር ተሰማ።

ከዚያ በኋላ አጥብቀን ፈለግን። ፍሪቢኤስዲ ሬስኪዩ የሚባል ፎልደር አለው። እዚያ ያለው ቪአይ በሌላ ፎልደር ያሉ ላይብረሪ የሚባሉ አጋዥ ፋይሎችን ሳይጠብቅ ብቻውን ይነሳል። ተርሚናሉ (ትዕዛዝ የምንጽፍበት ስክሪን) ምን ዓይነት እንደሆነ ግን መንገር ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ ስክሪኑን አያውቅበትም። ይህን ሁሉ በቃል ማወቅ አይበቃም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከየካቲት ጀምሮ በየ15 ቀኑ አንድ ኮምፒውተር ሆን ብለን እናበላሽና ልጆቹ ተራ በተራ ያነሱታል። ግንቦት ላይ ያቺው ተማሪ የ9ኛ ክፍሎችን ታስተምር ነበር።

የትዕዛዞቹ ማብራሪያም ዩኤስአር ውስጥ ስለሆነ፣ ልጆቹ ዋና ዋናዎቹን በትልቅ ወረቀት በእጃቸው ጽፈው ከመስኮቱ አጠገብ ለጥፈዋል። በመጪው መስከረም ክበቡን የምትቀላቀሉ ልጆች፣ መጀመሪያ የምታነቡት እሱን ነው።