ለጣና ዳር 16 በ16 ይበቃል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በልጆች ገጻችሁ ላይ የሥዕልና የግጥም ሥራዎች ሲወጡ እናያለን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከእነዚያ ጎን ለሌላ ሥራ ጥቂት ቦታ እንድትሰጡ ለመጠየቅ ነው፤ በአሻንጉሊት ጡብ፣ ብዙው ሰው በደፈናው ሌጎ በሚለው፣ ከራስ ሐሳብ ለሚሠሩ ትናንሽ ትዕይንቶች። ጡቡን ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞ ይመጣል፤ አልያም ተመሳሳዩ ከሱቅ ይገዛል። ልጁ መመሪያውን ተከትሎ አንድ ጊዜ ይገጥመዋል፣ ሞዴሉ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። በእኔ እምነት ዋናው ሥራ የሚጀምረው ያ ሞዴል ከፈረሰ በኋላ ነው።

ከራሱ ሐሳብ መሥራት የሚፈልገውን ልጅ (አዋቂውንም) ከሁሉ በፊት የሚያሰናክለው የመጠን ጉዳይ ነው። ጢስ ዓባይን ሙሉውን ልሥራ ብሎ ይነሣል፤ ግማሽ ላይ ጡቡ ያልቅበታል፤ የጎደለውን ባገኘው ቀለም ይሞላል፤ በመጨረሻም ይተወዋል። ስለዚህ ወሰኑ አስቀድሞ ይቆረጥ፦ በእያንዳንዱ ጎኑ 16 ጉጥ (ጡብ ከጡብ የሚገጥምበት ክብ እብጠት) ያለው አንድ የመሠረት ሰሌዳ። ከአንዱ ጉጥ መሃል እስከ ሌላው መሃል 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሰሌዳው 12.8 ሳንቲ ሜትር በ12.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጠበበ የሚል ካለ ይህን ያስብ፦ ባለ ስምንት ጉጥ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው 6 ጡቦች ብቻ በ915,103,765 መንገድ ይገጣጠማሉ።

ሌላው መታወቅ ያለበት ልኬት ቁመት ነው። ሙሉው ጡብ 9.6 ሚሊ ሜትር፣ ስሱ ጡብ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስት ስስ አንድ ሙሉ ይሆናል ማለት ነው። የጡቡ ሰው፣ ከጡቡ ጋር የሚመጣው ትንሽ አሻንጉሊት ሰው፣ ቁመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አማካይ ቁመት ያለውን ሰው ከዚህ ጋር ብናስተያይ ትዕይንቱ ከእውነተኛው 40 ጊዜ ያህል ያነሰ ይሆናል፤ ለምሳሌ የጣና ዳርን ትዕይንት ብንሠራ፣ 5 ሜትር የሚሆን የደንገል ታንኳ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህ የሰሌዳውን ጎን ሊያክል ምንም አይቀረው። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ከተቀመጠ ትዕይንቱን ለሁለት ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ በሰያፍ ይቀመጥ፤ በሰያፍ የሰሌዳው ርዝመት 18 ሳንቲ ሜትር ነው። እንዲያም ሆኖ ታንኳውን ጥቂት አሳጥሮ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ማቆም ይሻላል።

ውሃውን በደማቅ ሰማያዊ መሥራት ከሳጥን የተወሰደ ልማድ ነው። በባሕር ዳር በኩል ጣናን የሚያይ ሰው፣ በተለይ በክረምት፣ ርብና ጉማራ ይዘውት ከሚገቡት ደለል የተነሣ ውሃው ወደ ቡናማ እንደሚያደላ ያውቃል። ከ16ቱ ረድፍ 9ኙ ለውሃ ይሁኑ። ከዳርቻው ጀምሮ ሁለት ረድፍ ፈዛዛ ቡናማ ስስ ጡብ፣ ቀጥሎ አራት ረድፍ የወይራ አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ ሦስት ረድፍ ጥቁር ሰማያዊ ይደረደራል። በላዩ ጉጥ የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ለስላሳ ሽፋን ይለብሳል። 9 ረድፍ በ16 ሲባዛ 144 ጉጥ ነው፤ ባለ 1 በ2 ሽፋን 68፣ ለሚዛነፉት አራት ረድፎች ጫፍና ጫፍ ደግሞ ባለ 1 በ1 ሽፋን 8 ያስፈልጋል። ሽፋኖቹ ረጅም ጎናቸው ከዳርቻው ጋር ይሂድ፤ የእያንዳንዱ ረድፍ መጋጠሚያ ከቀደመው ረድፍ በአንድ ጉጥ ይዛነፍ። መጋጠሚያው ሁሉ በአንድ መስመር ከወደቀ የመታጠቢያ ቤት ወለል ይመስላል። ብርሃን የሚያሳልፈው ካልተገኘ እነዚያው ቀለሞች በለስላሳ ሽፋን ይሠሩ። ነጭ ጡብ ለማዕበል መጨመር ግን አያስፈልግም፤ ትዕይንቱ ጠዋትን ከሆነ የሚያሳየው፣ ሐይቁ በጠዋት ጸጥ ይላል።

ታንኳው የትዕይንቱ ልብ ስለሆነ ጊዜ ይሰጠው። ወለሉ 4 በ8 የሆነ አንድ ፈዛዛ ቡናማ ስስ ጡብ ነው። በሁለቱ ጎን ጠርዝ ላይ አግድም ጎድጓዳ መስመር ያለው፣ ግንድ የሚመስለው 1 በ2 ጡብ አራት አራት ሆኖ ይተከላል፤ በድምሩ 8። መስመሮቹ የደንገሉን እስር በደንብ ያስመስሉታል፤ በዚህ መጠን ከዚህ የተሻለ ጡብ አላየሁም። መሃሉ ላይ የሚቀረው የ2 ጉጥ ወርድ ለቀዛፊው ልክ ነው፤ የጡቡ ሰው እግር 2 ጉጥ ይይዛልና። አፍንጫው ወደ ላይ መቀሰር አለበት። ስስ ጡብ በደረጃ እየደራረቡ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ደረጃነቱ ከጎን ያስታውቃል። የተሻለው አንዱ ቆንጣጭ፣ ሌላው ዘንግ ያለው 1 በ2 ስስ ጡብ ሁለት ጥንድ ወስዶ አፍንጫውን በሁለት ቦታ ማጠፍ ነው። የመጀመሪያው እጥፋት ትንሽ፣ ሁለተኛው ጠንከር ይበል፤ ሁለቱም እኩል ከታጠፉ አፍንጫው የተሰበረ ይመስላል። ቀዛፊው ወደ ኋላ ይቀመጥ፤ ወደ ፊት ከመጣ ታንኳው በአፍንጫው ይደፋል። ታንኳውን በሰያፍ ለማሰር ከውሃው ሽፋን አንዱን አውጥቶ መሃሉ ላይ አንድ ጉጥ ብቻ ያለውን 1 በ2 ስስ ጡብ መተካት ነው። በአንድ ጉጥ የተያዘ ታንኳ በተፈለገው ማዕዘን ይዞራል። ከዘጌ የሚመጣ የማገዶ ጭነት ከተፈለገ ስድስት ሰባት ቡናማ ዘንጎች መሃላቸው ላይ በክር ታስረው ይጫኑ።

በዳርቻው ላይ ደንገሉ በረድፍ አይተከል። አምስት አንድ ላይ፣ ራቅ ብሎ አንድ፣ ከዚያ ሦስት። እያንዳንዱ አናቱ ክፍት በሆነ ክብ ጡብ ላይ የቆመ አረንጓዴ ዘንግ ሲሆን ጫፉ ላይ ትንሽ ቅጠል አለው፤ ቁመታቸው ይለያይ።

ከደለሉ በላይ ያለውን ድንጋያማ ዳር ለመሥራት ጡብን በጎኑ መግጠም ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ጎኑ ላይ ጉጥ ያለው 1 በ1 ጡብ ይተከልና ስስ ጡቦች ወደ ጎን ይለጠፉበታል። ሒሳቡ ይህ ነው፦ 5 ስስ ጡብ ሲደራረብ 16 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 2 ጉጥም 16 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በጎን የተለጠፈው ውፍረት በአምስት ሲቆጠር ከታችኛው ጉጥ ጋር መልሶ ይገጥማል። በ2 ወይም በ3 ከተቆመ 1.6 ሚሊ ሜትር ይተርፋል ወይም ይጎድላል፤ ልጁም በጉልበት ይጫነዋል። በጉልበት የገባ ጡብ ለጊዜው ይይዛል፤ ነገር ግን ፕላስቲኩ ተወጥሮ ይቆይና በጊዜ ብዛት ጠርዙ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጣት እስኪያም ድረስ የሚገፋ ነገር ካለ ሒሳቡ ተሳስቷል።

በስተኋላ ያለው ደሴት ደግሞ ልኬትን ሆን ብሎ መጣስ ይፈልጋል። እንደ ክብራን ያለ ደሴት ከዳርቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑ ለጡቡ ሰው መጠን አይሠራም። 4 በ4 ክብ ስስ ጡብ ሁለት ተደራርቦ ግድግዳ፣ የተገለበጠ ባለ 4 ጉጥ ክብ ሳህን ጣሪያ፣ በላዩ 1 በ1 ክብ ስስ ጡብ ጉልላት ይሆናል። ዙሪያውን ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ብቻ። ከ2 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ርቀቱ ይጠፋና ደሴቱ ታንኳው አጠገብ የቆመ ይመስላል። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ዓይነት ክብ ቤተ ክርስቲያን በሰው ልክ፣ ከቅኔ ማኅሌት እስከ መቅደስ መሥራት ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነው፤ 16 በ16 ላይ አይሞከር።

አሁን ወደ ሰዎቹ። የጡብ ሰው በዛሬው መልኩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን ፊቱ ለረጅም ጊዜ ቢጫ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ በልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ይመጣል፤ ቡናማ ራስና ቡናማ እጅ ለማግኘት ግን ከበርካታ ሳጥን ማሰባሰብ ያስፈልጋል። ብዙው ሰው ያለውን ይቀባል። ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይሁን። የጥፍር ቀለምም ሆነ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይነካው፤ ጡቡ ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ በማስለቀቂያው ውስጥ የሚገኘው አሴቶን ያቀልጠዋል። መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ የጣት ቅባት ካለበት ቀለሙ ይላጣል። አንድ ወፍራም ሽፋን ከመቀባት ሦስት ስስ ሽፋን መቀባት፣ በየመሃሉም ማድረቅ ይሻላል። ክንዱ ትከሻ ውስጥ የሚገባበት፣ የእጁ መዳፍ ውስጥና የአንገቱ ጉጥ አይቀቡ፤ ቀለም ውፍረት አለው፤ መገጣጠሚያውን ያጣብቀዋል ወይም አካሉን ይሰነጥቀዋል። አሮጌ አካል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ከክንዱ ሥር በጎኑ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነጠላ አልብሶ መሸፈን ይቻላል።

ነጠላው ከእውነተኛ ነጠላ ጨርቅ ከተቆረጠ ይወፍራል፤ ሰውየው ፍራሽ የተሸከመ ያስመስለዋል። ከፋርማሲ የሚገዛ የቁስል ጎዝ አንድ ድርብ ይበቃል። 6 ሳንቲ ሜትር በ3 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ በውሃ በቀጠነ ነጭ ሙጫ ርሶ፣ ሳይደርቅ ሰውየው ላይ ይደረብና ቅርጹን ይዞ ይድረቅ። ከሥሩ ስስ ላስቲክ ካልተደረገ ሙጫው ክንዱን ያስረዋል። ጥለቱ በቀጭን ብሩሽ የሚሳል የአንድ ሚሊ ሜትር መስመር ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በዚህ መጠን ሲታይ መጋረጃ ያህላል። ሹሩባ ወይም ጎፈሬ ለመሥራት ሁለቱ ተደባልቀው የሚደርቁት የኤፖክሲ ሊጥ ጥሩ ነው፤ ባረጀ የጡብ ፀጉር ላይ ይለበጥና መስመሩ በመርፌ ይወጣል። ምድጃ ውስጥ የሚጋገረው የፕላስቲክ ጭቃ 130 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ ኤቢኤስ ግን 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ይለሰልሳል። ጭቃው ለብቻው ካልተጋገረ ራሱም ሰውየውም ይበላሻሉ።

የቀዛፊው ዘንግም የራሱ ልክ አለው። የጡብ ሰው እጅ 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ዘንግ ይይዛል። የጥርስ መጎርጎሪያ ይቀጥንና ይንሸራተታል፤ ሥጋ የሚጠበስበት የቀርከሃ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ተልጎ በትክክል ይገባል። ሳይላግ ከተገፋ መዳፉ ይከፈታል፤ መልሶም አይጠብቅም።

ስለ ተመሳሳይ ምርቶች ሳላነሣ አላልፍም፤ ብዙ ወላጅ ይጠይቃልና። የጡቡ አሠራር የባለቤትነት መብት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 የጡቡ ቅርጽ በንግድ ምልክትነት እንደማይያዝ ወስኗል። ስለዚህ በዚያ ልክ የተሠራ ሌላ ጡብ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ጥራቱ ግን ይለያያል፤ መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከአንዱ 10 ሙሉ ጡብ፣ ከሌላውም 10 ይደራረብና ጎን ለጎን ይቁሙ፤ ሁለቱም ጉጡን ሳይጨምር 9.6 ሳንቲ ሜትር መሆን አለባቸው። ልዩነቱ በዓይን ከታየ ሁለቱን በአንድ ግድግዳ አትቀላቅሉ፤ ከሰሌዳው ሥር ወይም ከውሃው በታች መሙያ ይሁኑ። ሲታጠቡ ውሃው ከ40 ዲግሪ አይብለጥ። በባሕር ዳር ከፍታ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም፣ የፈላ ውሃ ጡብ ማጣመሙን አይተውም። የተሠራውንም መስኮት ላይ አታስቀምጡ፤ ፀሐይ ነጩን በጊዜ ብዛት ቢጫ ታደርገዋለች።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። በየወሩ አንድ ጊዜ፣ የአንድ ፎቶ ቦታ ያህል፣ በ16 በ16 ሰሌዳ ላይ ለተሠራ የአካባቢያችን ትዕይንት ስጡ፦ የዓሣ ገበያው፣ የዘጌ ቡና ለቀማ፣ በዘንባባ የታጠረው ጎዳና፣ ፔሊካን የቆመበት ድንጋይ። ከመመሪያ የተገለበጠ አይሁን፤ ልጁ የተጠቀመባቸውን ጡቦች ብዛትና የከበደውን ቦታ በሁለት መስመር ይጻፍ፤ ለሌላው ልጅ የሚጠቅመው እሱ ነው። ፎቶው ያለ ፍላሽ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ስልኩ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ከጡቡ ሰው ዓይን እኩል ሆኖ ይነሣ፤ ከላይ ከተነሣ የሚታየው ጉጥ ብቻ ነው። ከኋላው አንድ ነጭ ወይም ግራጫ ወረቀት ይቁም። በጋዜጣ ወረቀት ላይ ጥቁር አረንጓዴና ጥቁር ሰማያዊ ስለሚመሳሰሉ፣ ለኅትመት የሚላከው ፎቶ ትንሽ ብርሃን ቢጨመርለት ጥሩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር