የኮምፒውተር ኦርጋን ሰነፍ ያደርጋል?

ውድ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ የወጣው ጽሑፍ፣ በኮምፒውተር የሚሠሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ተጫዋቹን ከድካም ገላግለው ሰነፍ ያደርጉታል የሚል መንፈስ ነበረው። ስለ ሌሎቹ መሣሪያዎች አልከራከርም። ስለ ኦርጋን ግን፣ ላለፉት አሥራ አንድ ወራት ከሥራ መልስ ያለኝን ጊዜ ሁሉ የወሰደብኝ ጉዳይ በመሆኑ፣ የምለው አለኝ።

አስቀድሜ ቃሉን ላጥራ። በእኛ አገር ኦርጋን ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ኃይሉ መርጊያና የዘመኑ ሙዚቀኞች ይጫወቱት የነበረውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ነው። እኔ የማወራው በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት ስለሚገኘው፣ ከወናፍ የሚመጣ አየር በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠሩ ቱቦዎች ውስጥ እያለፈ ስለሚያናግረው ኦርጋን ነው። የኮምፒውተሩ ኦርጋን የዚህኛው ቅጂ ነው። የአንድ እውነተኛ ኦርጋን እያንዳንዱ ቱቦ ለየብቻው በማይክሮፎን ይቀዳል፤ ከዚያ እንደ ሃውፕትቬርክ በገንዘብ የሚሸጥ ወይም እንደ ግራንድኦርግ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር፣ ተጫዋቹ ቁልፉን በተጫነ ቁጥር የዚያኑ ቱቦ ድምፅ ያሰማዋል።

አዲስ አበባ ሳለሁ ፒያኖ ተምሬ ነበር። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ ከ1723 እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1750 እ.ኤ.አ. በሠራባት በላይፕዚግ መኖር ስጀምር፣ ከስድስቱ የኦርጋን ትሪዮ ሶናታዎቹ (ሦስት ዜማዎች አብረው ከሚሄዱባቸው ድርሰቶቹ) የመጀመሪያውን፣ በኢ ፍላት ሜጀር ቅኝት የተጻፈውን፣ ለመማር ቆረጥኩ። በ1802 የባኽን የሕይወት ታሪክ ያሳተመው ፎርክል እንደሚነግረን፣ አባትየው እነዚህን ሶናታዎች ያዘጋጀው የበኩር ልጁን ቪልሄልም ፍሪዴማንን ታላቅ የኦርጋን ተጫዋች እንዲያደርጉት ነበር። ለልጅ መለማመጃ የተጻፈ ነገር ቀላል ይሆናል ብሎ የሚገምት ሰው ቢኖር እስቲ ይሞክረው። ቀኝ እጅ አንድ ዜማ ይዞ ይሄዳል፤ ግራ እጅ በሌላ የቁልፍ ረድፍ ላይ በክብርም በፍጥነትም ከቀኙ የማያንስ ሌላ ዜማ ይይዛል፤ እግሮች በፔዳሉ፣ ማለትም በእግር በሚጫወቱት የቁልፍ ረድፍ፣ ላይ ሦስተኛውን ያስኬዳሉ። አንዱ ቢሳሳት የሚሸፍንለት የለም። ፒያኖ የለመደ ሰው ግራ እጁን የሚያውቀው ወፍራሙን ድምፅ ሲይዝ ስለሆነ፣ እግሮቹ ያንን ሥራ ሲረከቡት ግራ እጁ እናቱን ገበያ ውስጥ እንዳጣ ልጅ ይደናበራል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እኔ በእግሬ ስምንት መስመር ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚፈቀድልኝ በሳምንት ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ በበረዶው ወራት ደግሞ ሕንፃው ስለማይሞቅ ጣት አይታዘዝም። ቤቴ ያለው መሣሪያ ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላም በጆሮ ማዳመጫ ያጫውተኛል። የእርሱ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ምቾት አይደለም። ቀኝ እጄን ብቻ ተጫውቼ እቀዳና፣ ኮምፒውተሩ እርሱን እያሰማኝ እኔ ከባዱን ጥንድ፣ ግራ እጅንና ፔዳልን፣ አብሬው እጫወታለሁ። የቀኙን ዜማ ወደ ቀኝ ጆሮዬ፣ የግራውን ወደ ግራ ጆሮዬ፣ ፔዳሉን ወደ መሀል ስመራው ደግሞ የትኛው ድምፅ እንደተንገዳገደ ወዲያውኑ ይታወቀኛል። ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረው መልሶ ማዳመጡ ነው። በደንብ ተጫወትኩት ብዬ የተነሣሁበትን ምሽት ቅጂ በማግስቱ ስሰማው፣ ግራ እጄ በየመስመሩ መጨረሻ ላይ ሲሮጥ አገኘሁት።

ጸሐፊው ልክ የሆነበት ቦታ እንዳለም ልመን። አንድ ቀን በቅጂው ውስጥ የነበሩትን አራት የተሳሳቱ ኖታዎች በማውስ አስተካክዬ ለመምህሬ አሰማኋቸው። እርሳቸውም እስከ መጨረሻው በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ፣ «ጥሩ ነው፤ የተጫወተው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለተኛው ወጥመድ የአዳራሹ ማስተጋባት ነው። ቱቦዎቹ ከነሕንፃው ድምፅ የተቀዱ ከሆነ፣ የደብሩ ግርማ የተጫዋቹን ጉድለት ሁሉ ያለብሰዋል። ስለዚህ ያለማስተጋባት፣ በደረቁ፣ መለማመድ ይሻላል፤ ደስ ባይልም እውነቱን ይናገራል።

ከዘጠኝ ወር በኋላ የመጀመሪያውን ክፍል እውነተኛው ኦርጋን ላይ ስጫወተው፣ እግሮቼ አልተቸገሩም፤ የቤቴ ፔዳል እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ሠላሳ ቁልፎች ያሉት በመሆኑ መንገዱን ያውቁታል። ጣቶቼ ግን ደነገጡ። ቁልፉ ቀጥታ ከቱቦው ክዳን ጋር በእንጨት ዘንጎች የተያያዘ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ይገታል፣ ከዚያ በድንገት ይለቃል፤ ይህን ስሜት የእኔ ፕላስቲክ ቁልፍ አያውቀውም። ቤት ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማኝ የነበረው የፈጣን ኖታዎች ሩጫም በሕንፃው ውስጥ ተድበስብሶ ቀረ፤ ኖታዎቹን አሳጥሬ፣ በመካከላቸው ትንፋሽ እየሰጠሁ እንደገና መማር ነበረብኝ። ያ ሥራ ሁለት ሳምንት ወሰደ። ዘጠኙ ወር ግን በከንቱ አልሄደም።

ከእውነተኛው መሣሪያ ውጭ መለማመድም የኮምፒውተር ዘመን ፈጠራ አይደለም። ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ በፊት ኦርጋን ለመጫወት ወናፉን የሚነፋ ሌላ ሰው መቅጠር ወይም መለመን ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ በባኽ ዘመን የነበሩ ተጫዋቾች ፔዳል የተገጠመለት ክላቪኮርድ፣ ድምፁ ከክፍሉ የማይወጣ ትንሽ የክር መሣሪያ፣ በየቤታቸው ያስቀምጡና በእርሱ ይለማመዱ ነበር። እነርሱን ሰነፎች ያላቸው ሰው አላጋጠመኝም።

በአዲስ አበባ ሆነው መሞከር ለሚፈልጉ አንባቢዎቻችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ነጻው ሶፍትዌር፣ መጠነኛ ላፕቶፕና ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኙ ሁለት ኪቦርዶች፣ አንዱ ከሌላው በላይ ተደርገው፣ የሁለቱን እጆች ዜማ ለመማር ይበቃሉ። ገንዘብ የሚጠይቀው ፔዳሉ ነው። እኔ የገዛሁት ከተበተነ አሮጌ የኤሌክትሪክ ኦርጋን የወጣ ሲሆን፣ ኤሌክትሮኒክሱን ለመግጠም አንድ ቅዳሜና እሑድ ፈጅቶብኛል። ፔዳሉን ማግኘት ያልቻለ ሰው የእግሩን ድምፅ በአፉ እያዜመ ሁለቱን እጆች ይለማመድ፤ መምህሬም ከእግሬ በፊት ያዘዙኝ ይህንኑ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከላይፕዚግ